የተቀደደው ጠርዝ

«የኮረጅሽው ከአያትሽ ነው» አለ የሥዕል መምህሩ፣ ከወረቀት ቁርጥራጭ የተለጠፈውን ኮላዥ በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ እየገፋ። «እንዲያው ሌላ ሰው ጠፍቶ!»

ሙጫ የሚሏት ተማሪ አልተጨነቀችም። መልሱ አጠገቧ ተቀምጧል። አያቷ ያቺን ለክብር ቀን ብቻ የምትወጣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የቢሮውን ግድግዳ ያያሉ። «ወላጅ አምጪ» ስትባል ቅንጣት አልፈራችም፤ እንዲያውም ደስ ብሏት ነበር። አባባ የምትላቸው አያቷ ይመጣሉ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ፣ ነገሩ ያልቃል።

አያቷ ስመ ጥር ቀራፂ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ መሮና መዶሻ ይዘው ከግንድ ውስጥ ሰው ሲያወጡ ኖረዋል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ትከሻውን፣ ወገቡን እንደምንም ያወጡታል፤ ፊት ላይ ሲደርሱ መሮው ይስታል። አንድ ቀን የአንዲትን የእንጨት ሴት አፍንጫ ገምሰው፣ ጥግ ይዘው ተከዙ። ሙጫ ያኔ ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ማንም ሳያዛት የተገመሰውን ፊት በአሮጌ ጋዜጣ፣ በከረሜላ ወረቀት፣ በደብተር ልባስ ቁራጭ በቁራጭ ሸፈነችው። መቀስ አልነካችም። ትንሽ ልጅ ሳለች መቀስ ስለተከለከለች የለመደችው ሌላ ነው፦ ወረቀቱን ታጥፋለች፣ እጥፋቱን በምላሷ ታረጥበዋለች፣ ከዚያ ቀስ አድርጋ ትቀድደዋለች። ጠርዙ እንደ ጥጥ ይሳሳል፤ ኮላ ሲቀባ ከእንጨቱ ጋር አንድ ቆዳ ይሆናል።

ያቺ ሴት ጋዜጣ ላይ ወጣች። «አዛውንቱ ቀራፂ እንደገና ተወለዱ» ተባለ። ከዚያ ወዲህ እንጨቱ የአባባ፣ ፊቱ የሙጫ ሆነ። «ጊዜው ሲደርስ ለሰው ሁሉ እነግራለሁ» ይሏት ነበር። ሙጫ የሚለውን ስም ያወጡላትም እሳቸው ናቸው፤ ዳዴ ስትል ጀምሮ እግራቸው ላይ ሙጭጭ ስለምትል።

«ይህን ጠርዝ የማያውቅ የለም፤ የጋሼ እጅ ነው» አለ መምህሩ። «ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ሙጫ ወደ አያቷ ዞረች። አሁን፣ አለች በልቧ። አሁን ይንገሩት።

አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅ ናት» አሉ። «ቤት ውስጥ እያየች ነው ያደገችው። ለዛሬ ይማሩልኝ።»

ክው አለች። ይማሩልኝ የሚባለው ለሌባ ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል ሰምታ ስቃ ታልፍ ነበር፤ ወዳቂዋ ራሷ ስትሆን ግን አያስቅም።

«እሺ፣ ለጋሼ ስል» አለ መምህሩ። «ግን እስከ ዓርብ ሌላ ሥራ ታመጫለሽ። የአያትሽን የማይመስል። አለዚያ ስምሽን ለሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ አላስተላልፍም።»

እዚያ ትምህርት ቤት ለመግባት ስትመኝ ስንት ዓመቷ! የራሷን እጅ የማይመስል ሥራ ደግሞ ከየት ታምጣ?

ኮሪደሩ ላይ ሬዲዮ ጠበቀቻት። ሬዲዮ የወንበር ጓደኛዋ ናት፤ ወሬ ከጆሮዋ አምልጦ አያውቅም።

«በናትሽ፣ እውነት ኮርጀሽ ነው? ለማንም አልናገርም።»

«ነገ ከዜናው ስሚው» አለቻትና ጥላት ሄደች።

ከሰዓት በኋላ የአያቷ የሥራ ክፍል መሃል ላይ የወይራ ሴት ቆማለች። ለአርባኛ የሥራ ዓመታቸው ዐውደ ርዕይ የተቀረፀች ናት። ትከሻዋ አልቋል፣ እጆቿ አልቀዋል። ፊቷ ግን ለጥ ያለ ባዶ ነው፤ ሙጫን ይጠብቃል።

«ሸወዱኝ፣ አባባ።»

አያቷ ፍቅፋቂ እየጠረጉ ነበር። መጥረጊያውን አቆሙ። «ምን ልበል ታዲያ? የመጨረሻ ዐውደ ርዕዬ ነው። የልጅ ልጄን ሥራ በስሜ አሳየሁ ብል፣ የቀደመውንስ ማን የእኔ ነው ብሎ ያምናል?»

«እኔንስ ማን ያምነኛል?»

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ጊዜ አለሽ። ዐውደ ርዕዩ ይለፍ ብቻ። ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

«እንጨት ግን ይነቅዛል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ መልስ ይስቁ ነበር። ዛሬ አልሳቁም። የኮላውን ጣሳ ከፈቱ፣ ብሩሿን አጠገቡ አኖሩ፣ ከዚያ እንደ ወትሮው ወንበሯን ወደ ወይራዋ ሴት አስጠጉላት። ያስለቀሳት ይሄ ነው። ይቅርታ ሳይሏት ወንበር ማስጠጋታቸው።

ክዳኑን መልሰው ሊያስቀምጡ ሲሞክሩ እጃቸው ተንቀጥቅጦ ከጣሳው ጋር አንኳኳው። አሳዘኗት። ማዘኗ ደግሞ ይብስ አናደዳት፤ ቢሮ ውስጥ ለእሷ ማን አዘነላት? እውነቱ ቢወጣ የአያቷ ስም ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ዝም ብትል ግን ዕድሜ ልኳን ከራሷ የኮረጀች ሌባ ልትባል ነው።

ብሩሿን አነሳች። አልተቀመጠችም። በጨርቅ ጠራርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።

«የት ልትወስጃት ነው?» አሉ አያቷ።

«ትምህርት ቤት።»

ገባቸው። ባዶውን ፊት አዩ፣ ከዚያ እጃቸውን አዩ። የኮላውን ጣሳ ከድነው ወንበሯ ላይ እሳቸው ተቀመጡበት።

በማግስቱ መምህሩ ሲመጣ ቢሮው በር ላይ ቆማ አገኛት።

«አመጣሽ?»

«አላመጣሁም፣ ቲቸር። ያንኑ ጠርዝ እዚሁ ልሥራው። እፊትዎ።»

መምህሩ ግራ ተጋብቶ በሩን ከፈተላት። «መቀስ እንኳ አልያዝሽም እኮ።»

«አያስፈልገኝም።»

ጠረጴዛው ላይ የሰሞኑ ጋዜጣ ነበር። የመጪው ዐውደ ርዕይ ወሬ ወጥቶበታል፤ አያቷ ከአንድ ግንድ አጠገብ ቆመው ፈገግ ብለዋል። ሙጫ ያንን ገጽ ነጥላ፣ እንዳይጨማደድ ጠብቃ ወደ ጎን አኖረችው። ከዚያ ሌላ ገጽ አነሳች። መሃሉን አጠፈችው። መምህሩ እያያት መሆኑን ቀና ብላ አረጋገጠችና እጥፋቱን ወደ ምላሷ አስጠጋች።