አጭሩ ቱቦ

ኢንስፔክተር ዘቢደር ጋራዡ ደጃፍ ስትደርስ የሟቹ አሟሟት ቀድሟት ተወስኖ ነበር። ጋሼ ክንዴ ቤንዚን በአፋቸው ሲስቡ ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል፤ ሲወድቁም ጭንቅላታቸው ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አርፏል። የደብረ ማርቆስ ሰው ፖሊስ እስኪመጣ ምርመራውን ጨርሶ መጠበቅ ይወዳል። ዘቢደር ሁሉንም አመስግና ከበሩ ውጭ አቆመቻቸውና ብቻዋን ገባች።

ሽማግሌው ከአሮጊቷ ፊያታቸው ጎን ተንጋለዋል። አጭር የላስቲክ ቱቦ አገጫቸው ሥር ወድቋል፤ አጠገቡ የቤንዚን ጀሪካን አለ፤ ደረታቸውም በቤንዚን ርሷል። ዘቢደር ተንበርክካ እጃቸውን አየች። ዕድሜ ልኩን ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው እጅ አይመስልም፤ ታጥቧል፣ ጥፍሩም ተቆርጧል። የለበሱት ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው። የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ ስለነበር ፈታችው። የፊያቷ ቁልፍ ወጣ፤ ቀይ ክር ታስሮበታል።

ከዚያ ወደ መኪናዋ ዞረች። ይህቺን ፊያት በከተማው የማያውቃት የለም። ጋሼ ክንዴ ገና ወጣት ሳሉ ያስተማራቸው ጣሊያናዊ መካኒክ አገሩ ሲገባ የተወላቸው ናት። ባለ አራት ፒስተን ትንሽ ሞተሯን ለውድድር ያበጁበት ዕቃም አብሮ ቀርቶላቸዋል፤ ሁለት ካርቡሬተር፣ የተወለወለ የአየር ማስገቢያና ቫልቮቹን ከፍ አድርጎ የሚከፍት ካምሻፍት። ጋሼ ክንዴ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ከመኪናዋ በኋላ የተሠራ ዕቃ ሞተሯ ውስጥ አይገባም። ይህን ሲሉ የሚስቅ ሰው ካለ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ እንዲከተላቸው ይጋብዙት ነበር፤ ሳቁም እዚያው ያበቃል።

ዘቢደር ኮፈኑን ከፈተች። ሁለቱ ካርቡሬተሮች ቦታቸው ላይ ናቸው፤ ግን እንደ አዲስ ያብለጨልጫሉ። ዙሪያቸው ያለው ብረት ሁሉ በዕድሜ ጠቁሯል። ከመሪው ሥር ደግሞ ሁለት ሽቦዎች ጫፋቸው ተልጦ ተንጠልጥለዋል። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ሬሳውን አግኝቼ የጮህኩት እኔ ነኝ ያለው መሳፍንት ነው። ባልና ሚስቱ ልጅ ስላልነበራቸው ከደብረ ኤልያስ አምጥተው ያሳደጉት፣ ሙያውንም ጋሼ ክንዴ ያስተማሩት፣ አሁን ጋራዡን እኩል የሚያንቀሳቅስ ጎልማሳ ነው። ዕንባው እየወረደ፣ ጋሼ ክንዴ ከሚስታቸው ጋር ወደ ዲማ ዘመድ ጥየቃ ሄደው እንደነበር፣ እሱ መለዋወጫ ሊገዛ ወጥቶ ሲመለስ ወድቀው እንዳገኛቸው ነገራት። ሞተሩን ቀኑን ሙሉ ማንም እንዳላስነሳውም ጨመረ።

«ሁልጊዜ በአፋቸው ነው የሚስቡት?» አለችው።

«ሁልጊዜ። ተዉ ብላቸው አይሰሙኝም።»

«አፍ ውስጥ አይገባም?»

«ይገባል እንጂ። ወዲያው መትፋት ነው።»

ዘቢደር አንገቷን ነቀነቀች። ዕንባው የውሸት አልነበረም፤ እሷን ያስቸገራትም ይኸው ነው።

እትዬ ታየች የባላቸውን ሞት ከሰሙ ወዲህ ድምፃቸው በለቅሶ ሰልሎ ነበር። ዘቢደር ከጎናቸው ቁጭ ብላ፣ ዲማ ማንን ልትጠይቁ ሄዳችሁ አለቻቸው።

«ማንንም አልጠየቅንም ልጄ» አሉ። «ቆርበን ነው የመጣነው። ይህን ሁሉ ዘመን ሳንቆርብ ኖረን፣ ከመሞታችን በፊት ትዳራችንን በቁርባን እናጽና አለኝ። በዚህ ዕድሜያችን ሙሽሮች ተብለን እንዳይሳቅብን ለማንም አልተናገርን።»

«ለመሳፍንትም?»

«ለእሱ ማታ ልንነግረው ነበር። ከአውቶቡስ ስንወርድ እኔ ወደ ቤት ገባሁ፤ እሱ ጋራዥ ደርሼ ልምጣ አለኝ። እስከ ነገ ምራቁን እንኳ የማይተፋ ሰው፣ ቤንዚን ሳበ ትይኛለሽ?»

 ዘቢደር ከዚህ በኋላ አደጋ የሚለውን ቃል ከአእምሮዋ አወጣችው።

ጋሼ ክንዴን በይፋ የሚጠላቸው አንድ ሰው ነበር። አቶ ጸጋው ከግድግዳው ወዲያ ጋራዥ አላቸው፤ እንደ ጋሼ ክንዴ ሁሉ አሮጌ መኪና ለውድድር ያበጃሉ፤ በያመቱም ይሸነፋሉ። ይህን ጥላቻ ሲያስቡት ግን ዓይናቸው ቀላ።

«አሁን ከማን ጋር ልሽቀዳደም ነው?» አሏት። «በሞተበት ዕለት ሞተሯ ስትነሳ ሰምቻለሁ። ከፍ ትላለች፣ ዝቅ ትላለች። የክንዴ ፊያት ድምፅ ግን አልነበረም፤ ሰው ጉንፋን ሲይዘው እንደሚናገረው ነው። ከዚያ ቀጥ አለች።»

ዘቢደር ቱቦውን አሳየቻቸው። አቶ ጸጋው ገና ሲያዩት አወቁት።

«ይህማ የጆሮ ነው። ሁለት ካርቡሬተር እኩል አየር ካልሳበ ሞተሩ ይነጫነጫል። እነ ክንዴ ቱቦውን አንዱ ጋ ያስጠጉና እንደ ሐኪም ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ሌላውን። ፉጨቱ አንድ እስኪሆን ያስተካክላሉ። የእኔ መኪና አንድ ካርቡሬተር ነው ያላት፤ ምኑን አዳምጣለሁ?»

የቀረው ደመላሽ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ አሮጌ መኪና ሰብሳቢ ሲሆን፣ ካርቡሬተሮቹን ካልሸጡልኝ እያለ ጋሼ ክንዴን ሲለማመጥ ከርሟል። ሆቴል ስታገኘው ስለ ቱቦው ጠየቀችው። ፈገግ ብሎ ከቦርሳው እንደ ሰዓት ቀስት ያለው የአየር መለኪያ አወጣ፤ በጆሮ ማዳመጥ የድሮ ሰው ሥራ ነው አላት። መኪናህን ክፈት ስትለው ግን ፈገግታው ጠፋ።

በሠልስቱ ዕለት ዘቢደር አራቱን ከለቀስተኛው መሃል ጠርታ ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እትዬ ታየች ጥቁር ለብሰው በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ መሳፍንት ከጀርባቸው ቆሞ ትከሻቸውን ደገፈ። ዘቢደር ዓይኗን ከዚያ እጅ ላይ አንስታ ንግግሯን ጀመረች።

«ጋሼ ክንዴ ቤንዚን አልሳቡም» አለች። «ያን ዕለት ቆርበዋል። የቆረበ ሰው አይተፋም፤ ቤንዚን በአፉ የሚስብ ሰው ደግሞ ሳይተፋ አይሆንለትም። ይህን ያቀናበረው ሰው የዘወትር ልማዳቸውን ያውቃል፤ መቁረባቸውን ግን አያውቅም።»

መሳፍንት ወደ እትዬ ታየች ዝቅ ብሎ አየ። እሳቸው ቀና አላሉም።

ዘቢደር ቱቦውን አንስታ የፊያቷ ቤንዚን መሙያ ውስጥ ከተተችው። በጣቷ ከያዘችው ጫፍ በቀር ሙሉውን ገባ፤ ስታወጣው ደረቅ ነበር። «ቤንዚኑ ጋ አይደርስም። ውስጡም ቤንዚን ነክቶት አያውቅም። ይህ ካርቡሬተር የሚያዳምጡበት ነው። ሞተሯ መነሳቷን አቶ ጸጋው ሰምተዋል። ቁልፏ ግን በጋሼ ክንዴ ነጠላ ተቋጥሯል። ባለቤቷ ቁልፍ በእጁ እያለ ከመሪው ሥር ሽቦ ልጦ አያስነሳትም።»

ቱቦውን ሞርሳው ላይ አስቀመጠችና ቀጠለች። «ስለዚህ እሳቸው ሲገቡ ሌላ ሰው ሞተሯን አስነስቶ፣ አዲስ የተገጠሙ ካርቡሬተሮችን እያስተካከለ ነበር። አቶ ጸጋው በቱቦ አይሠሩም። ደመላሽ በመለኪያ ነው የሚሠራው። በዚህ ከተማ በጆሮው የሚያስተካክል ጋሼ ክንዴ ናቸው፤ እሳቸው ያስተማሩትም አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ደመላሽ ሳይጠየቅ መናገር ጀመረ። መሳፍንት፣ ሽማግሌው ፈቅደዋል ብሎኛል፤ አዲስ አበባ ጋራዥ እከፍትልሃለሁ አልኩት፤ በምትካቸው የሚገጠሙ አዲስ ካርቡሬተሮች ሰጠሁት፤ ሰው መሞቱን ስሰማ ፈራሁ አለ። የጋሼ ክንዴ ካርቡሬተሮች ሆቴሉ ደጅ ከደመላሽ መኪና ሻንጣ ውስጥ በፎጣ ተጠቅልለው ተገኝተው ነበር።

የመሳፍንት እጅ አሁንም እትዬ ታየች ትከሻ ላይ ነበር። እሳቸው ቀስ ብለው አነሱት፣ እንደ ሰው ዕቃም ወደ ጎን አስቀመጡት።

«ሲገባ ምን አለህ?» አሉት።

መሳፍንት ወደ ሞተሯ እያየ ተናገረ። «አልተቆጡም እማማ። የግራው ካርቡሬተር ወደ ኋላ ቀርቷል፣ እስቲ አምጣው አሉኝ። ቱቦውን ከእጄ ወስደው ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ትንሽ አዳመጡና ቀና ብለው አዩኝ። ‹ይህ የእኔ አይደለም። የእኔን የት አደረስከው ልጄ?› አሉኝ። በሩን ሊዘጉ መሰለኝ፣ ሰው ሊጠሩ መሰለኝ። ገፋኋቸው። ሞርሳው ላይ ወደቁ።»

«ወዲያው አልሞቱም» አለች ዘቢደር። ይህን መናገር ግዴታዋ ነበር። «ሐኪሙ ይህን አረጋግጧል። አንተ ቤንዚን ስታፈስባቸው ይተነፍሱ ነበር።»

አቶ ጸጋው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። 

ዘቢደር ቀይ ክር የታሰረበትን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ለእትዬ ታየች ሰጠቻቸው። እሳቸው መዳፋቸው ላይ አድርገው ለመሳፍንት አሳዩት።

«ክሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ» አሉት። «ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ዛሬ ለልጄ ፊያቷን ልስጠው፣ የዘንድሮውን ውድድር እሱ ይንዳ አለኝ። ቁልፉን እንዲሁ ባዶውን አትስጠው ብዬ አሰርኩበት። ቤት ግባና እራት በልተህ ስጠው ብዬው ነበር፣ አላስችል አለው።»

መሳፍንት ቁልፉን ሲያይ እጁ ሳያስበው ወደፊት ሄደ። ከበሩ አጠገብ የቆመው ፖሊስ ያን እጅ ያዘና ካቴናውን አጠለቀበት።

እትዬ ታየች ከበርጩማቸው ተነሱ። ቁልፉን በጥቁሩ ነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ በመሳፍንት አጠገብ ዘወር ብለው ሳያዩት አልፈው ወደ ለቀስተኞቹ ተመለሱ።