ወደ እኔ ብቻ የዞረው ስፒከር

ይህ ነገር በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ባታምኑኝ አልቀየማችሁም... ባይደርስብኝ ኖሮ እኔም ስቄ ነበር የማልፈው።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ሳሎናችንን ሞልታዋለች። እንዲህ ያለ ነገር በጠራራ ፀሐይ ይመጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ባለቤቴ ያገለገለ ሆም ቴአትር፣ ቤትን ሲኒማ የሚያደርግ የድምፅ ዕቃ፣ ገዝቶ ባለሙያ አምጥቶ እያስገጠመ ነበር። "ከእንግዲህ ሲኒማ ቤት ድረስ ምን አስኬደን!" እያለ ሲፎክር ነው የሰነበተው። ከሁለት ቀን በፊት ለብቻው ከሞከረው ወዲህ ግን ፉከራውን ትቷል። ብጠይቀው "ደክሞኝ ነው" ይለኛል።

ባለሙያው ጨዋታ አዋቂ ነው። ሁለቱን ስፒከሮች ግራና ቀኝ አቆመና አግድም የሚተኛውን፣ የመሀሉን፣ ከቴሌቪዥኑ ስር አስቀመጠው።

"እትዬ፣ የሰው ንግግር የሚወጣው በዚህ ነው" አለኝ። "መሀል ሆኖ ወደ ተቀማጩ ጆሮ ቀና ማለት አለበት። ያለበለዚያ ተዋናዩ ፊትዎ እያወራ ድምፁ ከጓዳ ይመጣልዎታል።"

ሳቅኩ። ባለቤቴ አልሳቀም።

"የሷ ወንበር ያ ነው" አለው። "ወደሱ አዙረው።"

"ጋሼ፣ መሀል ቢሆን ለሁለታችሁም..."

"ወደሷ ብቻ!"

"እርስዎስ አይሰሙም እንዴ?"

"እኔ ሰምቼ ጨርሻለሁ።"

እኔ ደግሞ... ሞኝ አይደለሁ? ለኔ ሲል ነው ብዬ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ባለቤቴ ወንበሬ ላይ አስቀምጦኝ ከወለሉ እስከ ጆሮዬ በሜትር ለካ። ዓይኔን አላየኝም።

ባለሙያው እንደሄደ ባለቤቴ ከመሀሉ ስፒከር ኋላ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ነካካ። ፊልም ከፈተልኝና "ጀምሪ፣ መጣሁ" ብሎ ወጣ።

ሙዚቃው ከግራና ከቀኝ ይመጣል። ተዋናዮቹ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ... ንግግር ግን የለም። የመሀሉ ጭጭ ብሏል።

ተነስቼ ከኋላው አየሁ።

ገመዱ ተነቅሏል።

ያኔ ነው ስፒከሩ የተናገረው።

"እማዬ... ጠብታ ነኝ።"

ወደ ኋላ ሸሸሁ።

ጠብታ በአምስት ወሯ ከሆዴ የወረደችብኝ ልጄ ናት። ስሙን ያወጣሁላት ለብቻዬ ነው። እናቴ አታውቀውም። እህቴ አታውቀውም። ለባሌ ብቻ ነው የነገርኩት፤ አንድ ትራስ ላይ ተኝተን፣ "ከኔ አይወጣም" ብሎ ምሎልኝ።

ወደ በሩ ሮጥኩ። ከውጭ ተቆልፏል።

"ክፈትልኝ!"

ከበሩ ማዶ ሲተነፍስ ይሰማኛል።

"ይቅር በይኝ..." አለ በሹክሹክታ። "ስሞክረው ጠራኝ። በሞተችው እናቴ ድምፅ... ዕረፍት ነሳኝ። የሌላ ሟች ስምና ሟቹን የሚናፍቅ ሰው ከሰጠኸኝ እተውሃለሁ አለኝ።"

"እና የልጃችንን ስም ሰጠኸው?"

ቁልፉን ከበሩ ነቅሎ ሲያወጣ ሰማሁ።

እመኑኝ፣ በዚያች ደቂቃ ስፒከሩን ረሳሁት። አንጀቴን የቆረጠው የሱ ክህደት ነው። ምስጢሬን፣ ሀዘኔን፣ ራሴን አምኜ የሰጠሁት ሰው ሸጦኛል። እየለካ፣ ወንበሬን እያመቻቸ ነው የሸጠኝ።

ከኋላዬ ድምፁ እንደገና መጣ። የሚያወራው ግን ከኔ ጋር አልነበረም።

"አባዬ... እማዬ አለች?"

"አለች!" አለ ባሌ ከበሩ ማዶ፣ ቶሎ ብሎ። "እዚያው ናት። ሁለተኛ እኔን አትጥሪኝ።"

እግሩ እየራቀ ሲሄድ ሰማሁት።

ቀስ ብዬ ዞርኩ።

የስፒከሩ ጥቁር ጨርቅ ወደ ውስጥ ይሳባል... ይለቀቃል... ይሳባል። መሀሉ ላይ በትንሽ አፍ ልክ ረጥቧል።

ደረቴ ላይ ሙቀት ተሰማኝ። ጎንበስ ብዬ ሸሚዜን አየሁ።

ወተት እየፈሰሰኝ ነበር።