ሦስተኛው ፎቅ ላይ የወደቀችው አምፖል

«እስኪ አብሪው» አላት አባቷ።

ልጅቷ ጣቷን ማብሪያው ላይ አድርጋ ቀረች። ጠረጴዛው ላይ የቆመው ከፎምና ከካርቶን የተሠራ ባለ አራት ፎቅ የሕፃናት ሆስፒታል ነው፤ ቁመቱ አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ሞዴል ሠሪው አባቷ ሁለት ወር ሙሉ አጎንብሶበታል። መብራቱን ግን የዘረጋችው እሷ ናት፤ ብቻዋን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ምነው? ማብሪያው ይነክሳል እንዴ?»

ተጫነችው። የስንዴ ፍሬ የሚያካክሉ አምፖሎች በአርባ መስኮቶች ውስጥ ቦግ አሉ።

«ውይ! ሰው ያለበት ይመስላል እኮ!» አለች ሞዴሉን ያዘዘችው መሐንዲስ። «ሆስፒታሉ እስኪሠራ አሁን ያለው ክሊኒክ አዳራሽ ውስጥ ቀኑን ሙሉ እንደበራ ይቀመጣል። ልጆቹ ወረፋ ሲጠብቁ ይዩት። ግን ችግር የለውም አይደል?»

«ቁንጫ ከጻፈች እኔ ደግሜ አልፈትሽም» አለ አባቷ ኩራት ባለው ድምፅ። መሐንዲሷ የሞዴሉን ማሸጊያ ሳጥን ከመኪና ልታወርድ ወጣች፤ እሱም ፕላስተር ፍለጋ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ።

ልጅቷ ከሞዴሉ ጋር ብቻዋን ቀረች። ቁንጫ እሷ ናት፤ ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው። የቤቱ ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ ጣሪያው ከመለጠፉ በፊት መብራቱ አንድ ሰዓት ሙሉ ይበራል፣ የፈተሸውም ሰው ከሞዴሉ ሥር ስሙን በእርሳስ ይጽፋል። አምፖሎቹ ትንሽ ቢሆኑም ይግላሉ፤ ፎም ከነኩ ያቀልጡታል። እሷ ትናንት ያበራችው አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። በዚያችው አምስት ደቂቃ ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንዷ አምፖል ከማንጠልጠያዋ ወልቃ ወለሉ ላይ ስትጋደም በዓይኗ አይታለች። አይታስ ምን አደረገች? ጓደኞቿ በር ላይ ቆመው «ነይ እንጂ፣ ረፈደብን!» እያሉ ይጮኹ ነበር። «አንዲት አምፖል ምን ታመጣለች» ብላ ጣሪያውን ለጠፈች፣ ስሟንም ጻፈች።

አሁን መዳፏን ሦስተኛው ፎቅ ላይ አሳረፈች። ግድግዳው ሞቋል። አፍንጫዋን አስጠጋች፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል።

ፈራች፣ በጣም ፈራች። ጭስ የሞላው አዳራሽ፣ ከእናቶቻቸው እጅ አምልጠው የሚሯሯጡ ሕፃናት በዓይኗ መጡባት። ደግሞ የአባቷ ፊት መጣባት፤ ከሁሉም የባሰው እሱ ነበር። ሽቦውን ከሥር በጥሳ «ሲያጓጉዙት ተበላሸ» ብታስብልስ? ማንም አያውቅባትም። እጇ ወደ ሽቦው ሄደ፣ ያዘው።

ሽቦውን ለቀቀችና መብራቱን አጠፋችው።

«ምነው አጠፋሽው?» አባቷ ፕላስተሩን ይዞ ተመለሰ።

ልጅቷ እጁን ያዘችና መዳፉን ሦስተኛው ፎቅ ላይ አሳረፈችው። አባቷ አንገቱን ዝቅ አድርጎ አሸተተ፤ ከዚያ አያት። ቁጣ ይሁን ኀዘን አልለየችውም። እጁን ግን ከግድግዳው ላይ አላነሳም።

የመሐንዲሷ ጫማ ደረጃው ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል።

ልጅቷ ላጲስ አነሳች። ሞዴሉን በጥንቃቄ አዘንብላ ከሥሩ የጻፈችውን ስም አጠፋች። ቀጥላ ምላጭ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር አስገባች።

«አለቀ አይደል?» አለች መሐንዲሷ ሳጥኑን በበሩ እያስገባች።

አባቷ ልጅቷን ያያል።

«አላለቀም» አለች ቁንጫ። «ሳልፈትሸው ነው የለጠፍኩት። ገና አንድ ሰዓት ይቀረዋል።»