ከጂፗ ሥር ያንኳኳሁ ዕለት

እኔ ሰው ስለ ሙት መንፈስ ማውራት ሲጀምር ኮፍያዬን አንስቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ በዚህ ጠባዬ ስንቱን አስቀይሜያለሁ፣ ጣሪያ ሲንኮሻኮሽ ድመት ነው፣ በር ሲንገጫገጭ ነፋስ ነው፣ አለቀ። አሁንም አመንኩ አልልህም። የደረሰብኝን ግን አልደረሰም ብዬ መዋሸት አልችልም፣ ትምህርቴ ፊደል ከመለየት ብዙም ስላላለፈ አሳምሬ መጻፍ አላውቅበትም፣ እንደሆነው ልንገርህ።

ብቸና ላይ ስንሻው የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፣ አሮጌ ጂፕ ነበረችው፣ ሹፌሩ እሱ፣ ጠጋኟ እኔ። ሚኒባሱ መንገዱን ሳይሞላው፣ ክረምት ሲገባ ጭቃውን ሰንጥቃ ሞጣ የምትደርስ እሷ ነበረች፣ ሙሽራ ጭነናል፣ ምጥ የያዛት ሴት ጭነናል፣ አንድ ጊዜማ ቄስና በግ አንድ ላይ ጭነን፣ በጉ የቄሱን ጥምጥም እያኘከ ደብረ ወርቅ ገባን፣ ስንሻው በሳቅ መሪውን ሊለቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አልሳቅሁም።

ሥራችን እንዲህ ነበር። እሱ ሆዱ ትልቅ ስለነበር ከመኪና ሥር አይገባም፣ እኔ እገባለሁ፣ እሱ ላይ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። በአፍ ከተነጋገርን እንጣላለን፣ ሁለታችንም እልኸኞች ነን፣ «አስገባ» ስለው «ምኑን?» ይላል፣ «ጆሮህን!» እለዋለሁ፣ ከዚያ ሥራው ይቀርና ስድድብ ይሆናል። ስለዚህ ካምቢዮውን፣ የማርሹን ቤት፣ ከሥር በመዶሻ እጀታ ማንኳኳት ጀመርኩ፣ አንዴ ካንኳኳሁ ማርሽ ያስገባል፣ ሁለቴ ካንኳኳሁ ያወጣል። ሦስቴ ከሆነ ሰደብኩት ማለት ነው፣ እሱም ወለሉን በእግሩ እየደበደበ አፈሩን ዓይኔ ላይ ያራግፍልኛል፣ መልሱ ያ ነበር።

ስንሻው ሞተ፣ ጂፗም ግቢው ውስጥ ቆመች። ካምቢዮው ጫፍ ላይ፣ ዘንጉ በሚወጣበት በኩል፣ ዘይት የሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒው፣ ደርቆ ዘይቷን ማፍሰስ ጀመረች፣ ዘይቱ የእጅ ፍሬኑ ላይ እየወረደ ፍሬኑም አልይዝ አለ። ሚስቱ እናኑ ሙት ዓመቱን ሞጣ፣ ከዘመዶቹ ዘንድ፣ ልታወጣ ስትሰናዳ፣ ከደጀን አንድ ብረት ገዢ መጣና ቆራርጬ ልውሰዳት አላት።

«አያ ይርጋ» አለችኝ ዋዜማው ዕለት፣ «ነገ ድግሱን ጭና ሞጣ ካደረሰችን ትቀመጥ። መንገድ ላይ ዘይቷን አፍስሳ ከቆመች ግን ሰውየው ይውሰዳት፣ እኔ ታከተኝ።»

«እኔ በሕይወት እያለሁ እሷን ማንም አይቆራርጣትም።»

«እርስዎ ደግሞ እቺን ብረት እንደ ኮረዳ ነው የሚያዩዋት!» ብላ ሳቀች፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ሳያት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። «የሚያግዝዎ ሰው ልጥራ?»

«ሰው አልፈልግም።»

«እሱም እንዲሁ ነበር የሚለኝ» አለችና ድስት ልትዋስ ወደ ጎረቤት ሄደች፣ እኔም ውሻ እንዳይገባ የግቢውን በር ከውስጥ ቀረቀርኩት።

ጀምበር እያዘቀዘቀች ነው። ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፌ ከሥር ገባሁ፣ ወደ ኋላ እግር የሚሄደውን ዘንግ ፈታሁና ጎሚኒውን የጋረደው ትልቁ ብሎን፣ ዳዶው፣ ላይ ደረስኩ። እዚህ ላይ ነው ጣጣው፣ ማርሽ ካልገባ መፍቻ ቁልፉን ስታዞረው ዳዶው አብሮ ይዞራል እንጂ አይፈታም። ወጥቼ ራሴ ማስገባት እችል ነበር፣ ግን ወገቤ እንቢ አለኝ፣ እጄም በልማድ መዶሻውን አነሳና አንዴ አንኳኳ።

ወዲያው በራሴ ሳቅሁ፣ «አንተ ጅል ሽማግሌ» አልኩ።

ላይ ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ድመት ነው አልኩ። ከዚያ ቀጭ ብሎ ማርሹ ገባ። እመነኝ ወዳጄ፣ ማርሽ ሲገባ ካምቢዮው ሆድ ውስጥ የሚሰማውን ድምፅ የልጆቼን ድምፅ ያህል አውቀዋለሁ። ቁልፉን ተጫንኩት፣ ዳዶው አብሮ አልዞረም፣ ተፈታ።

«እናኑ?» አልኩ። በጎማዎቹ መሐል አጮልቄ አየሁ፣ የሰው እግር የለም።

ለምን አልወጣህም ትለኝ ይሆናል፣ እኔ የጀመርኩትን ሥራ ትቼ አላውቅማ። አሮጌውን ጎሚኒ ነቀልኩት፣ እንደ ደረቀ ቅርፊት ተሰባበረ፣ አዲሱን ዘይት ቀባሁና ከንፈሩን ወደ ውስጥ አዙሬ በእንጨት እየመታሁ ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት፣ ዳዶውንም መልሼ አጠበቅሁ። ከዚያ ሁለቴ አንኳኳሁ፣ ይሄኛው በልማድ አይደለም፣ አውቄ ነው። ማርሹ ወጣ፣ የሚዞረው ሁሉ በእጄ ውስጥ ለስልሶ ዞረ።

ዘንጉን መልሼ ካሰርኩ በኋላ መውጣት ነበረብኝ። እኔ ግን ተንጋልዬ ቀረሁ፣ መዶሻውን አነሳሁና ሦስቴ አንኳኳሁ።

 ከዚያ ከላዬ ወለሉ በእግር ተደበደበ፣ ዱብ ዱብ ዱብ፣ አፈሩ ዓይኔም አፌም ውስጥ ገባ። አልዋሽህም፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሳቅ ነው፣ ፍርሃቱ ከኋላ ነው የደረሰው።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፣ ክርኔ ተልጦ ነበር። ወንበሩ ላይ ማንም የለም። ስፖንጁ ግን መሐሉ ተጎድጉዶ ነበርና ዓይኔ እያየ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ተነሳና ቀጥ አለ። የግቢውን በር ዞሬ አየሁት፣ እንደ ቀረቀርኩት ነው።

እናኑ ከውጭ ስትጣራ ከፈትኩላት፣ አየችኝና ድስቶቹን መሬት አስቀመጠች። «ምነው፣ አፈር ሲበሉ ዋሉ እንዴ?»

«ጎሚኒው እልኸኛ ሆኖብኝ ነው።»

«ታዲያ ማን አሸነፈ?»

«ገብቷል» አልኳትና ድስቶቹን አነሳሁላት።

በማግስቱ መሪውን እኔው ይዤ፣ ድግሱን ጭነን ሞጣ ደረስን። እናኑ ከሰው ሁሉ በፊት ጎንበስ ብላ ከጂፗ ሥር መሬቱን በመዳፏ ዳበሰችው፣ አቧራ ብቻ ነው። «ትቀመጥ እንግዲህ» አለች፣ ብረት ገዢውም ባዶ እጁን ተመለሰ።

ይኸው ዓመታት አለፉ። ዘንድሮ ክረምት ላይ እናኑ «ያቺ ኮረዳዎ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ማፍሰስ ጀምራለች» ብላ ላከችብኝ። አዲስ ጎሚኒ ገዝቻለሁ፣ ኪሴ ውስጥ ነው፣ መዶሻዬን ይዤ እስከ በሯ እየሄድኩ ተመልሻለሁ። ልጆቼ ወገቡን አሞት ነው ይላሉ፣ ይበሉ። ባንኳኳና ማርሹ ቢገባ፣ በዚህ ዕድሜዬ ልቤ ቀጥ ልትል ትችላለች፣ እሱስ ግድ የለም።

ባንኳኳና ዝም ቢለኝስ?