ከሰርጉ ሥር የነበረው ቀረጻ

ይህን ሳነብላችሁ "ፈጠራ ነው" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበል። የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን ኖሮ እኔም እንደዚያው ነበር የምለው።

ግን የደረሰው በእኔ ነው። ሌሊትም አልነበረም። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ... የሱቄ በር ክፍት ነው፣ ፀሐይ ጠረጴዛዬ ላይ አርፋለች፣ ከጎረቤት ፎቶኮፒ ቤት የማሽኑ ድምፅ ይሰማል።

ሥራዬ የድሮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነው። ድሮ ሰርግና ምርቃት እቀርጽ ነበር። አሁን ሁሉም በስልኩ ስለሚቀርጽ ለእኔ የተረፈኝ የሰው ትዝታ አቧራ መጥረግ ሆኗል። ቤተሰቦቼ "ፎቶ" ነው የሚሉኝ። ስድብ ይሁን ቁልምጫ እንደሚጠራኝ ሰው ይለያያል።

እህቴ ገባች።

እትዬ ሱቄን ረግጣ አታውቅም። እናታችን ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔና እትዬ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አውርተን አናውቅም።

"የእማዬን ቁም ሣጥን ሳጸዳ አገኘሁት" አለችኝ። "ያንተው ነው።"

ከያዘችው ከረጢት የድሮ ካሜራዬን አወጣች። ውስጡ አንድ ካሴት አለ... ላዩ ላይ በራሴ እጅ ጽሑፍ "እማዬ" ይላል።

ክው አልኩ።

"ድምጿን ልስማው ፎቶ" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "ረሳሁት እኮ። የገዛ እናቴን ድምፅ ረሳሁት።"

ለምን ክው እንዳልኩ ልንገራችሁ። ለእሷ ያልነገርኩትን ለእናንተ መንገር ይቀለኛል፤ አታውቁኝማ።

እማዬ የመጨረሻውን ዓመት ሙሉ ከአልጋ ወርዳ አታውቅም። እኔና እትዬ በየተራ ነበር የምንጠብቃት። የዚያን ቀን ተረኛው እኔ ነበርኩ። የምርቃት ሥራ መጣልኝ። ካሜራውን ከነመቆሚያው አልጋዋ ግርጌ አቆምኩና መቅረጫውን ተጫንኩት።

"እማዬ፣ በዚህ እያየሁሽ ነው" አልኳት።

አመነችኝ። እናት አይደለች፣ ምን ታድርግ? የጓደኛዬን ካሜራ ተውሼ ወደ ምርቃቱ ሄድኩ።

ስመለስ አርፋለች።

እትዬ እየሮጠች ስትደርስ "እጄን እንደያዘች ነው ያረፈችው" አልኳት። አስቤበት አልነበረም፤ አፌ ነው የተናገረው። አንዴ ከወጣ በኋላ ግን መመለሻ አጣሁለት። እትዬም አንድ ነገር ሳትሰማ አልቀረችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኔን አይታ አታወራኝም።

ካሴቱን አንድም ቀን ከፍቼ አላየሁትም። ከወር በኋላ ሰርግ ስቀርጽ እሱኑ ከተትኩና ደረብኩበት። "ባዶ ካሴት አልቆብኝ ነው" እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ቦርሳዬ ውስጥ አራት ባዶ ካሴት ነበረ። ሰርጉን ለባለቤቶቹ ገልብጬ ሰጠሁና ካሜራውን ከነካሴቱ እማዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ሸጎጥኩት።

ስለዚህ ካሴቱ ላይ ሰርግ ብቻ እንዳለ አውቃለሁ። እትዬ ያንን ካየች ደግሞ ለምን እንዳጠፋሁት ትጠይቃለች። ከጠየቀች እውነቱ ይወጣል። በዚህ ዓለም የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት፤ እሷንም ላጣ ነው።

ካሜራውን ከኮምፒውተሩ ጋር ሳገናኝ ሆን ብዬ መጥፎውን ገመድ ሰካሁ። ቢጫውን። በእሱ የሚገለበጥ ምስል ቀለሙ የደበዘዘ፣ ጠርዙ የተሸራረፈ ነው፤ ሰው ሲንቀሳቀስ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል፣ ማን ምን እንደሆነ አይለይም። ተስፋ ቆርጣ ትሄድልኛለች ብዬ ነው።

"እንደዚህ ነው እንዴ የምትሠራው?" አለች ስክሪኑን እያየች። "በዚህ ሰው ይከፍልሃል?"

"ካሴቱ አርጅቷል እትዬ..."

"ይሄ ገመድስ?"

ከከረጢቱ ሌላ ቀጭን ገመድ አወጣች። ከካሜራው ጋር ያገኘችው ነው። ትክክለኛው ገመድ። ምን ልበል? ሰካሁት።

ምስሉ ጠራ። አዳራሽ... የሚጨፍር ሰው... እየሳቀች የምትሽከረከር ሙሽራ።

"ይሄ የማን ሰርግ ነው?"

"ረዳት ነበረኝ። ሳያውቅ ደርቦበታል መሰለኝ" አልኳት። ረዳት ኖሮኝ አያውቅም።

ቦርሳዋን አነሳች። ተገላገልኩ ብዬ ልተነፍስ ስል...

"እሱ ምንድነው?" አለች በጣቷ እያሳየች።

ምስሉን ከግራ ወደ ቀኝ የሚቆርጡት ጥብጣቦች አሉ። አግድም፣ ቀጫጭን። ውስጣቸው የሰርጉ ቀለም የለም፤ ቡናማ ነገር ነው የሚታየው።

እዚህ ላይ ሙያዬ ጉድ ሠራኝ። አሥራ ሰባት ዓመት የሠራሁት ሥራ ስለሆነ ሰው ሲጠይቀኝ ሳላስብ ነው የምመልሰው።

"ሲቀረጽ ሄዱ ቆሽሾ ነበር ማለት ነው። ሄድ ማለት ካሴቱ ላይ የሚጽፈውና የሚያነበው ክፍል ነው። ከቆሸሸ አዲሱ ቀረጻ በሙሉ አይያዝም፤ በየመሃሉ የድሮው ሳይጠፋ ይቀራል። እነዚህ ጥብጣቦች የድሮው..."

ዘግይቼ ነቃሁ። ግን ምን ዋጋ አለው?

"የድሮው" አለች ቀስ ብላ። "እማዬ ናት?"

"...ልትሆን ትችላለች።"

ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች። "እንግዲያስ አውጣልኝ።"

ካሜራውን ከፍቼ ሄዱን በአልኮል ጠራረግኩት። ካሴቱን አጠንጥኜ እንደገና ከመጀመሪያው ገለበጥኩ።

ሄድ ሲጸዳ ጥብጣብ ወይ ይቀንሳል፣ ወይ ባለበት ይቆያል። ሌላ ነገር አይቼ አላውቅም።

ሰፋ።

"ብርድ ልብሷ!" ብላ ጮኸች እትዬ። "እየው፣ ያ ቡናማው ብርድ ልብሷ!"

እኔ ብርድ ልብሱን አላየሁም። ሙሽራዋን ነበር የማየው። ቅድም እየሳቀች ስትሽከረከር የነበረችው ሙሽራ... አሁን ቆማለች። ቁልቁል፣ ወደ ጥብጣቡ ታያለች።

የካሜራውን ትንሽ ስክሪን አየሁ። እዚያ አሁንም ትጨፍራለች።

ኮምፒውተሩ ላይ ቆማለች።

የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት። የተከፈቱትን ፕሮግራሞች ዘጋሁ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሳሁት። የሚገለበጥበትን ዲስክ ቀየርኩ። ሲገለበጥ ያመለጠ ምስል ካለ ፕሮግራሙ ከታች ይቆጥራል፤ ቆጣሪው ዜሮ ይላል። ምንም ብልሽት የለም።

"ምን ሆነህ ነው ላብ የሚያጠምቅህ?"

"ሞቆኝ ነው።"

ሦስተኛ ጊዜ ስገለብጥ አዳራሹ ውስጥ የሚጨፍር ሰው አልነበረም። ሁሉም ቆመዋል። ሁሉም አጎንብሰው ወደ ጥብጣቡ ያያሉ... ጉድጓድ አፋፍ ላይ እንደቆመ ሰው። እትዬ ግን ዓይኗን ከቡናማው ጥብጣብ አልነቀለችም።

ስፒከሩ ጭጭ ብሏል። ሄድፎን አጠለቅኩ። ሙዚቃም የለም። የሚሰማው የሰው ትንፋሽ ነው፤ ደካማ፣ የሚቆራረጥ። የማውቀው ትንፋሽ ነው።

ጥብጣቦቹ ሰፍተው ሊገጣጠሙ ምንም አልቀራቸውም። አልጋው ታየ። ትራሱ። የእማዬ ፊት...

አጠገቧ ሰው ተቀምጧል።

ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቷል። እጇን ይዟል። ሸሚዙ የእኔ ሸሚዝ ነው። ትከሻው፣ ማጅራቱ፣ አቀማመጡ ሳይቀር እኔ ነኝ።

እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም።

"ውይ ፎቶ..." አለች እትዬ። ድምጿ ተሰበረ። "ውይ ወንድሜ! ለካ እውነትህን ነው! ለካ እጇን ይዘህ ነበር!"

አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

"ጎረቤታችን 'በሩ ቀኑን ሙሉ ተቆልፎ ነበር' ብላኝ... አመንኳት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ክፉ አሰብኩብህ። ይቅር በለኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ ለካ ይሄ ነው።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ በፈነዳሁ። የጎረቤታችን ቃል እውነት ነበር። በሩን የቆለፍኩት እኔ ነኝ፤ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነበር።

ጆሮዬ ውስጥ እናቴ ተናገረች።

"ፎቶዬ... እያየኸኝ ነው?"

አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው አይደለም የምታየው። እሱን አልፋ ካሜራውን ነው የምታየው።

"ፎቶዬ... ይሄ ሰውዬ ማነው?"

ሰውየው አልተንቀሳቀሰም። እጇን ለማስለቀቅ ስትታገል ብርድ ልብሱ ይነቃነቃል።

"ልጄ... እጄን ልቀቀኝ በለው።"

"ምን ትላለች?" አለች እትዬ እንባዋን እየጠረገች።

"ስሜን እየጠራች ነው።"

"እስቲ እኔም ልስማት።"

እጇን ወደ ሄድፎኑ ዘረጋች። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም፤ ልጅ ሆና ነበር። የመጣችው ለዚህች ድምፅ ብቻ ነው።

በአንድ እጄ ሄድፎኑን አጠለቅኩላት። በሌላው ከጠረጴዛው ሥር የሄድፎኑን ገመድ ነቀልኩት።

ጠበቀች። ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች።

"አይሰማም" አለች በመጨረሻ።

"ድምፁ እዚህ ላይ አለቀ እትዬ። ካሴቱ አርጅቷል አላልኩሽም?"

"ይሁን። ይሄን ማየቴም ለእኔ ብዙ ነው።" ግንባሬን ሳመችኝ። "ነገ ቤት ና። አብረን ምሳ እንበላለን። እሺ?"

"እሺ።"

ወጣች። እህቴን አገኘኋት። እንዴት እንዳገኘኋት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ራሴን እንደዚያን ዕለት ተጸይፌው አላውቅም።

አሥር ሰዓት ሆኗል። ፎቶኮፒ ቤቱ ማሽኑን አጥፍቶ መዝጋት ጀምሯል። ካሜራውን ነቅዬ ወደ ቤቴ መሄድ ነበረብኝ። ግን እናቴ ጠይቃኛለች። ማነው ብላኛለች... ቢያንስ ፊቱን ማየት አለብኝ አልኩ።

የሄድፎኑን ገመድ መልሼ ሰካሁና ካቆምኩበት አስቀጠልኩት።

ጥብጣብ የሚባል ነገር የለም። አልጋውና አዳራሹ አንድ ክፍል ሆነዋል። የሰርጉ ሰዎች ከአልጋው ፊት ለፊት ለሁለት ተከፍለው መንገድ ለቀዋል።

ሰውየው ተነሳ። እጇን አልለቀቀም።

ዓመት ሙሉ መቆም ያቃታት እናቴ በባዶ እግሯ ከአልጋው ወረደች። እየጎተታት በሰዎቹ መሃል ይዟት ሄደ። ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ አሳለፈቻቸው።

ካሜራው ዞሮ ተከተላቸው።

የሰርጉን ዕለት ያንን ካሜራ ተሸክሜ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። እምላችኋለሁ፣ አላየሁም።

ሄድፎኑ ውስጥ የራሴ ድምፅ መጣ። ደስ ያለው፣ ለየሙሽራው የምለውን የሚል የሥራ ድምፄ...

"ወደ እኔ እዩ! ወደዚህ... ወደ እኔ!"

ሰውየው አልዞረም። ወደ አዳራሹ በር መጎተቱን ቀጠለ።

እናቴ ዞረች። አፏን ከፍታ ወደ ካሜራው ተናገረች። ቶሎ ቶሎ፣ ደጋግማ፣ በሩ እስኪውጣት ድረስ።

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ድምፅ የለም።

ጎንበስ ብዬ ቅድም እትዬ ላይ የነቀልኩትን የሄድፎን ገመድ አየሁት። ተሰክቷል።