አሥራ አራተኛው ፍርግርግ

ጨርቁ ተያዘ። ቦሚ የመጥበሻውን ፍርግርግ በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች ጥጉ ላይ ስትደርስ፣ አንድ ነገር ክር መዘዘባት። ጎንበስ ብላ አየች። ሁለት ዘንጎች በሚገናኙበት ቦታ እንደ ፀጉር የቀጠነች አጭር ሽቦ ተሰክታለች። ስትነቅላት ጣቷን ወጋቻት።

በዚህ የአክስቷ ሥጋ ቤት የሽቦ ብሩሽ የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ገብቶ አያውቅም።

«ዳሶል፣ ትናንት ፍርግርጎቹን በምንድን ነው ያጠብሻቸው?»

የክፍል ጓደኛዋ ዳሶል ከነጭ ሽንኩርቱ ቀና አላለችም። «እንዳልሽኝ ነዋ። በሶዳ ውሃ ዘፍዝፌ፣ በቀርከሃ ፍቄ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ኧረ አታካብጂ። ሒሳብሽን አጥኚ ብዬ ባገዝኩሽ ደግሞ ምርመራ?»

ቦሚ የቆሻሻ ማጠራቀሚያውን ክዳን አነሳች። ከሽንኩርት ልጣጩ ሥር የዋጋ ወረቀቱ ያልተላጠ አዲስ የሽቦ ብሩሽ ተጥሏል። የሽቦዎቹ ግማሽ ረግፏል።

ዳሶል ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ምን ላድርግ? ሥጋው የተቀባው ማር ከብረቱ ጋር አብሮ አሮ አልለቅ አለኝ። በቀርከሃ ብፍቅ እስከ ዛሬም አልጨርስ።»

«አሥራ አራቱንም?»

«አሥራ አራቱንም። ፈታ በይ፣ በውሃ ለቅልቄያቸዋለሁ። ሽቦ ቢኖርም ወርዷል።»

«አንዷ አልወረደችም» አለች ቦሚ።

በሩ አጠገብ ባለው ሚስማር ላይ የአጎቷ ሽርጥ ተሰቅሏል። የሚለብሰውም የሚያወርደውም የለም። አጎቷ በየቀኑ ቤቱ ከመከፈቱ በፊት የመጀመሪያዋን ቁራጭ ጠብሶ ራሱ ይበላ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በመከር፣ «ሆዴን» አለ። አራት ቀን ጎብጦ እየሠራ፣ እየቀለደም ሰነበተ። በአምስተኛው ቀን ሐኪሞቹ ከሆዱ ከጥፍር ያነሰች የብሩሽ ሽቦ አወጡለት፤ ግን ዘግይተው ነበር። አክስቷ ስለዚያ ነገር አንድ ቀንም አውርታ አታውቅም። ብሩሾቹን ሁሉ ሰብስባ ጣለች፣ ከዚያ ወዲህ በእርጥብ ጥጥ ጨርቅ ያልተጠረገ ፍርግርግ እሳት ላይ አይወጣም። መጥረጉ የቦሚ ሥራ ነው። ዛሬ ጠዋት አክስቷ «ታጥበው ተጠርገዋል?» ስትላት ከደብተሯ ሳትነሳ «አዎ» ብላ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ፍርግርግ አሁን የያዘችው ሕሊናዋ ሲቆረቁራት ነው። የቀሩት አሥራ ሦስቱ ወደ አዳራሹ ሄደዋል።

«ለአክስትሽ እንዳትነግሪያት» አለች ዳሶል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔን ሁለተኛ እዚህ አታስገባኝም። አንቺም ዋሽተሻታል።»

ከአዳራሹ ሥጋው ቸስ ቸስ ሲል ይሰማል።

በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ የሽማግሌው የአባባ ጉ ሰባኛ ዓመት ልደት ይከበራል፤ ከእነሱ በቀር ገና እንግዳ አልገባም። ከሰሉ ፍም ሆኗል። አክስቷ የጎድን ሥጋውን በመቀስ ቆራርጣ የመጀመሪያውን ቁራጭ ሽማግሌው ሳህን ላይ አኖረች። ልጆቹም ምራቶቹም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ።

«አያቴ፣ ይብሉ እንጂ» አለ ትንሹ የልጅ ልጅ። «እርስዎ ካልቀመሱ እኛ አንበላም።»

«ሰባ ዓመት ቸኩዬ ምን አተረፍኩ? ዛሬ እንኳ ልንቀባረር» አሉና ቾፕስቲካቸውን አነሱ።

ቦሚ የአዳራሹ በር ላይ ደርሳ መዳፏን ጨበጠች። ሽቦዋ ወጋቻት። ምናልባት እዚያኛው ፍርግርግ ላይ ምንም የለም። ምናልባት ታጥቦ ወርዷል። ዝም ብትል የሚያውቅ የለም፤ ቢያንስ እስከ አምስተኛው ቀን።

ቁራጯ ከሳህኑ ተነሳች።

«አባባ፣ ይቆዩኝ።»

ሁሉም ዞሩ። ትልቋ ምራት ተቆጣች። «እንዴት ያለች ልጅ ናት?»

«ቦሚ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለች አክስቷ።

ቦሚ መዳፏን ዘረጋች። «አክስቴ፣ ፍርግርጎቹን ያጠብኩት እኔ አይደለሁም። አልጠረግኳቸውምም። ዋሽቼሻለሁ።»

አክስቷ ሽቦዋን አየቻት። ፊቷ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም። መቀሱን አስቀመጠችና የሽማግሌውን ሳህን በሁለት እጇ ወደ ራሷ ሳበች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባባ። ዛሬ ከዚህ ቤት ሥጋ አይበሉም።»

አባባ ጉ ሽቦዋን አዩ፣ ቀጥሎ ልጅቷን። ቾፕስቲካቸውን ጎን ለጎን አጋደሙ።

«ማንም አልቀመሰም፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ሩዛቸውን ወደ ልጅ ልጃቸው ገፋ አደረጉለት።

አክስቷ ሄዳ የበሩን ሰሌዳ ወደ «ዝግ ነው» ገለበጠች። ስትመለስ ሚስማሩ አጠገብ ቆማ ሽርጡን ነካ አደረገች። ቦሚ የአክስቷን ቁጣ ብትሰማ ይሻላት ነበር።

ፍርግርጎቹ ሲበርዱ ሰብስባ ወደ ጓሮ አወጣቻቸው። የመጀመሪያውን ጠረገች፤ ምንም የለም። ወደ ፀሐይ አንስታ እያንዳንዱን ዘንግ አየች። ሁለተኛውን ጀመረች።

ጨርቁ ተያዘ።

ዳሶል ቦርሳዋን አንግታ የጓሮው በር ላይ ቆማለች። ቦሚ ቀና ብላ አላየቻትም። ሌላ ንጹሕ ጨርቅ ውሃ ውስጥ ነከረች፣ ጨመቀችና ከጎኗ ባለው ባዶ በርጩማ ላይ አስቀመጠችው።