«እናሳውቅሻለን» ያለው ደብዳቤ

መምህር ወንድይራድ ዱሬቲን የዋሻት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ያችኑ አንዷን ግን በደንብ አድርጎ ዋሻት።

ዱሬቲ መቱ ክሊኒክ ቁስል እያጠበች ትሠራ ነበር። ወንድይራድን ትወደዋለች፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ፈረንጆች ለሚመሩት የነርሶች ትምህርት ቤት አመልክታለች፤ ትምህርቱ ሦስት ዓመት ነው፤ ያገባች አይቀበሉም። በ፲፱፻፶፩ ዓ.ም. ሰኔ ላይ መልሱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በወንድይራድ ትምህርት ቤት አድራሻ መጣ። መጨረሻው «ዊ ዊል ሌት ዩ ኖው» ይላል። እናሳውቅሻለን ማለት እንደሆነ ለሁለቱም አልጠፋቸውም። የተለያዩት ቃሉ እሺ ነው ወይስ እምቢ በሚለው ላይ ነው።

ዱሬቲ ደስ አላት። ሽማግሌ ሲላክ የልጅቷ ቤት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ዘመድ አማክረን እናሳውቃችኋለን ይላል። ያ ደግሞ በሩ አልተዘጋም ማለት ነው። የገዛ አባቷ ጋሼ ደበሳም የወንድይራድን ሽማግሌዎች እንዲሁ ብለው መልሰዋቸው የለ?

«ፈረንጅ እንደኛ አይደለም» አላት ወንድይራድ ደብዳቤውን እያጠፈ። «እምቢ ማለት ሲያፍር ነው እንዲህ የሚለው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። እርግጠኛ አልነበረም።

«እርግጠኛ ነኝ» አላት።

ሽማግሌዎቹ ዳግም ተላኩ፤ እሺ ተባሉ፤ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ። እሱ ግን ደስታው አልዋጥልህ አለው። ሶር ፏፏቴ ድረስ አብረው የወረዱ ቀን እጁን ስትይዘው፣ የሰው ዕቃ ሰርቆ እንደያዘ ሰው ተሸማቀቀ።

መስከረም ላይ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ። ተቀብለዋታል፤ ጥቅምት መግቢያ ላይ እንድትገኝ ይላል። ሁለት ቀን ኪሱ ውስጥ ይዞት ዞረ። ቢቀድደው የሚጠይቀው አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ክሊኒኩ ደጃፍ ሄዶ ሰጣት።

«ያን ጊዜ አላወቅኩም ነበር» አላት። «የተመኘሁትን ነው የተረጎምኩልሽ።»

ዱሬቲ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። መልሳ አጠፈችውና «አባባን አንተ ንገራቸው» አለችው። ሄዶ ሠርጉ መቅረቱን ነገራቸው፤ ውርደቱንም ብቻውን ቻለው። እሷ በቡና ጭነት መኪና ተሳፍራ ስትሄድ መንገድ ላይ ወጥቶ ለመሸኘት እንኳ አልደፈረም።

ኅዳር ላይ ለቤቷ ጻፈች። እናቷ እትዬ ሻሽቱ ማንበብ ስለማይችሉ ደብዳቤውን ወደ ወንድይራድ ይዘውት መጡ፤ እሱ ያንብብላችሁ ብላ የላከችው ራሷ ነች። ስለ ከተማው ብርድ፣ ስለ ነጭ ጋወኗ አነበበላቸው። ከዚያ ቆመ።

«አንብበው እንጂ» አሉት።

«‹ወንድይራድን ገና ይቅር አላልኩትም› ትላለች።»

«ማል ጄቹዳ? ምን ማለቷ ነው ልጄ? አንድ ቀን ይቅር እለዋለሁ ነው?»

ወንድይራድ ወረቀቱን ትክ ብሎ አየው። ልቡ ምን ብሎ መተርጎም እንደሚፈልግ አሳምሮ ያውቃል።

«አላውቅም እትዬ» አላቸው። «የጻፈችው ይኸው ነው።»